ከበሩ ኋላ የነበረው ጆንያ

ጭሮ፣ መስከረም 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለጋሼ ተስፋዓለም፤ ጅቡቲ።

ጋሼ፣ የባሕሩ ሙቀት እንዴት ይዞዎታል? ወገብዎስ ተሻለዎት? እኔ የጭሮ ብርድና ጭቃ እንዳለ ሆኖ፣ አምላክ ይመስገን፣ በጤና አለሁ። በስልክ ሳገኝዎ መስመሩ እየተቆራረጠ ማንነቴን በደንብ አልያዙት ይሆናል። አብርሆት ነኝ፣ የአጎትዎ የአቶ ሽፈራው የልጅ ልጅ። የተያየነው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፣ በአያቴ ተዝካር ላይ። ድንኳን ውስጥ የተቀመጠውን ሰው በከሰል ካርቶን ላይ ሲስሉ ከአጠገብዎ አልነሳም ብዬ እናቴ ጆሮዬን ይዛ ጎትታ የወሰደችኝ ልጅ ነኝ። አሁን ጭሮ የባዮሎጂ አስተማሪ ሆኜ አሥራ አንድ ዓመት ሞላኝ።

ስለ ቀለም ስጠይቅዎ «ይህ በስልክ አይገባም፣ ጻፊልኝ» ብለው ዘጉብኝ። ይኸው ጻፍኩ። በዘይት ቀለም መሣል መጀመር እፈልጋለሁ። በሠላሳ ዘጠኝ ዓመቴ፤ ይሳቁብኝ ግድ የለም። ዕድሜዬን ሙሉ ልብና ኩላሊት በሰሌዳ ላይ እየሣልኩ፣ ደወል ሲደወል በዳስተር እየጠረግሁ ወጥቻለሁ። አንድ የማይጠረግ ነገር መሥራት አማረኝ።

ክረምቱን ብቻዬን ሞክሬው ነበር። የግድግዳ ቀለም ዱቄት ገዝቼ በምግብ ዘይት ለወስኩትና አቡጀዲ ላይ ቀባሁት። ሦስት ሳምንት ጠበቅኩት፣ ወይ መድረቅ! ዝንብ እየመጣ እየተጣበቀበት ቀረ። የሣልኩት ሎሚ ነበር፣ አሁን ክንፍ አውጥቷል። የቤቱ ባለቤት ፋጤ አይታ «አስተማሪ፣ ይሄ በሽታ ነው ወይስ ፍሬ?» አለችኝ። ፋጤ ባሏ የሞተባት የዚሁ አገር ሰው ናት፣ ሑዘይፋ የሚባል የሃያ ሁለት ዓመት ልጅ አላት። እኔ በግቢዋ ሁለት ክፍል ተከራይቻለሁ፤ አንዱ እንቅልፌ፣ አንዱ ሥዕሌ። ከሥዕል ክፍሌ ጋር ግድግዳ የሚጋራው የሀሚድ የጨርቅ መጋዘን ነው፣ እሱም የፋጤ ተከራይ ነው።

መልሱን ሙሜ ለሚባለው የጫት መኪና ሾፌር ይስጡልኝ፤ በየሳምንቱ እናንተ ዘንድ ይገባል።

አክባሪ ልጅዎ አብርሆት


ጅቡቲ፣ መስከረም 21 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለአብርሆት፤ ሰላምሽ ይብዛ፣ እጅሽ ይባረክ። ወገቤን ጠይቀሻል፤ ወገቤ ከእኔ ቀድሞ አርጅቷል፣ ሌላው ደህና ነው።

የምግብ ዘይት! ኧረ ተይ! በምግብ ዘይት የተሣለ ሥዕል ሠዓሊውን ያደርቀዋል እንጂ ራሱ አይደርቅም። ስሚኝ። የሚደርቅ ዘይት አለ፣ የማይደርቅ ዘይት አለ። የተልባ ዘይት ይደርቃል። እኔ እዚህ ጀልባና የሱቅ ታፔላ ስቀባ ሠላሳ ዓመት የኖርኩት በእሱ ነው። እናንተ ገበያ ተልባ ሞልቷል፤ ገዝተሽ፣ ሳይቆላ በጥሬው፣ ዘይት ከሚጨምቁት ዘንድ አስጨምቂው። ከዚያ በጠርሙስ አድርገሽ ፀሐይ ላይ አውለሽ አሳድሪው፣ እየጠራ እየወፈረ ይሄዳል።

አቡጀዲውን በእንጨት ፍሬም ላይ እንደ ከበሮ ወጥሪው። እንዲያው በባዶው እንዳትቀቢው፣ ዘይቱ ጨርቁን ይበላዋል። መጀመሪያ ሙጫ፣ ከዚያ ሙጫና ጠመኔ ደባልቀሽ ሁለት ሦስት ጊዜ ለቅልቂው። ዱቄቱን መስታወት ላይ አድርገሽ ዘይት ጠብ እያደረግሽ ፍጪው፣ ቅቤ ሲመስል ተይው። ማቅጠኛው ከቀለም ሱቅ የሚገኘው አኳራጃ ነው። ሽታው ራስ ያዞራል፣ መስኮት ክፈቺ።

አንድ ሕግ በጭንቅላትሽ ያዢ፦ ቀጭኑ ከታች፣ ቅባታሙ ከላይ። የመጀመሪያው ድርብ በአኳራጃ የቀጠነ ይሁን፣ በየድርቡ ዘይት እየጨመርሽ ሂጂ። ከገለበጥሽው ላዩ ቀድሞ ይደርቅና ታቹ ሲንቀሳቀስ ይሰነጠቃል። አትቸኩይ። የዘይት ቀለም የሚቸኩል ሰው አይወድም።

በሙሜ እጅ ብሩሽ ልኬልሻለሁ። ደህናው ብሩሽ የአሳማ ጸጉር ነው፣ ግን በፋጤ ግቢ እንዴት ተደርጎ፤ የናይለን ነው የላክሁልሽ። ሦስት ቲዩብ ቀለምም አለ፣ ደግሞ በትንሽ ብልቃጥ ለጀልባ የምንጠቀምበት ማድረቂያ። እሱ ዘይቱን ያፋጥነዋል፣ ጠብታ ብቻ ነው። ብሩሽሽን በየጊዜው በጨርቅ ጥረጊ፣ ጨርቅ አይነስሽ።

ከዚህ በኋላ ወደ ታጁራ ለጀልባ ሥራ እሄዳለሁ፣ መልስ ብዘገይ አትቀየሚኝ።

ተስፋዓለም


ጭሮ፣ ጥቅምት 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለማከብርዎ ጋሼ ተስፋዓለም፤ ወገብዎን ፈጣሪ ያቅናልዎ፣ ዕድሜዎን ያርዝመው።

ደረቀ ጋሼ! በስድስተኛው ቀን ጣቴን አስጠጋሁ፣ አልያዘኝም! ብቻዬን እልል አልኩ፣ ፋጤ ምን አገኘሽ ብላ ሮጣ መጣች። ማድረቂያው ጉድ ነው። እርስዎ ጠብታ ብለዋል፣ እኔ ግን ትንሽ በዛ ሳላደርግ አልቀረሁም፣ ይቅር ይበሉኝ።

አሁን ፊት ጀምሬያለሁ። የማን ቢሉ የሑዘይፋ። ፋጤ «የሰው ፊት ሣይ፣ በቂያማ ቀን ነፍስ ስጪው ትባያለሽ» እያለች ተቆጣችኝ፤ ኋላ ግን ራሷ ሻይ ይዛ እየመጣች «ቅንድቡ እንዲህ አይደለም፣ እንደ አባቱ ነው» ትለኛለች። ልጁ ጊዜ አለው። የሀሚድ ተሸካሚ ነበር፣ ባለፈው ሳምንት አንድ ጣቃ ጨርቅ ጎደለ ብሎ አባረረው። ሑዘይፋም ግቢው መሐል ቆሞ «የኔን ላብ የበላ መጋዘን እሳት ይብላው!» ብሎ ጮኸ። ሰፈሩ ሁሉ ሰማ። ማግስቱን ቁጣው በርዶለት ከሀሚድ ጋር ሰላምታ ሲለዋወጡ አይቻለሁ፤ የልጅ ነገር ነው።

ጨርቅ አይነስሽ ብለውኝ የለ? አሮጌ አንሶላዬን ቀዳድጄ ጨረስኩት። የተጠቀምኩበትንም አልጥልም፤ ከሥዕል ክፍሌ በር ኋላ በጆንያ እየጠቀጠቅሁ አኖረዋለሁ፣ ሲሞላ በሳሙና ዘፍዝፌ አጥበዋለሁ። ከመጋዘኑ በኩል የሚገባውን ነፋስም ይዘጋልኛል። ትናንት እጄን ባሳርፍበት ሞቅ አለኝ፣ ፀሐይ ያገኘዋል መሰለኝ።

አሁን የምጠይቅዎ ስለ ጥላ ነው። የጉንጩ ጥላ ጥቁር ሳስገባበት ይቆሽሻል። ምን ላድርግ?

አብርሆት


ታጁራ፣ ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም.

አብርሆት ልጄ፣ ሰላምታውን ሌላ ጊዜ።

ደብዳቤሽን አሁን አንብቤ መጨረሴ ነው፣ ሥራዬን ጥዬ ነው የምጽፈው። ያንን ጆንያ ከቤት አውጪ። ይህን መስመር አንብበሽ ቀሪውን ሳታነቢ ሂጂና አውጪ።

አወጣሽ? አሁን ልንገርሽ። የተልባ ዘይት የሚደርቀው እንደ ውሃ ተንኖ አይደለም፤ ከአየር ጋር እየተዋሐደ ነው፣ ሲዋሐድም ይሞቃል። ጨርቁ ተዘርግቶ ከተሰጣ ሙቀቱ ይበተናል። ተጠቅጥቆ ከተቀመጠ መውጫ አጥቶ እየጨመረ፣ እየጨመረ ይሄድና ክብሪት የነካው ሳይኖር ራሱ ይነዳል። ማድረቂያ ያለበት ሲሆን ደግሞ ይብሳል። ሞቅ አለኝ ያልሽው ፀሐይ አይደለም።

የተጠቀምሽበትን ጨርቅ አንድ በአንድ ደጅ አስጪ፣ ወይም ውሃ በሞላ ባልዲ ንከሪው። ይህን አስቀድሜ አለመጻፌ! እኛ እዚህ ባሕር ዳር ገመድ ላይ ነው የምንሰጣው፣ ከልምድ ብዛት የሚነገር ነገር መሆኑን ረሳሁት። ሽማግሌ ሆኜ ይህን መርሳቴ ያሳፍራል።

ስልክሽን ሞከርኩ፣ ከዚህ አልገባ አለኝ። ሙሜን እየጠበቅኩ ነው። ስለ ጥላው በኋላ።

ተስፋዓለም


ጭሮ፣ ጥቅምት 17 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለጋሼ ተስፋዓለም፤ ጤናዎን ያብዛልዎ።

ስልክዎ አልይዝ ስላለኝ በሌላ ሾፌር ይህን ላክሁ። ከትናንት በስቲያ ዓርብ ቃጠሎ ደረሰብን። ሰው አልሞተም፣ ተመስገን። ወንዶቹ ጁምዓ ላይ ነበሩ፣ እኔ ትምህርት ቤት። የሥዕል ክፍሌ ወደመ፣ የሀሚድ መጋዘን ከነጨርቁ ወደመ፣ የፋጤ ጣራ ግማሹ ሄደ። የባጃጅ ልጆች በጀሪካን ውሃ ባያመላልሱ ሰፈሩ በሙሉ ይሄድ ነበር። ስደርስ ፋጤ እግቢው መሐል ቁጭ ብላ በእጇ ነጠላ ጫማ ይዛ ነበር። የአንድ እግር ብቻ።

ሰው ሑዘይፋ ነው ይላል። የዛተውን ሁሉም ሰምቶታል። ደግሞ ወንድ ሁሉ መስጊድ ሳለ እሱ ብቻውን ከእኔ ክፍል ሲወጣ ታይቷል። ሽማግሌዎች ተቀምጠው ነበር። እኔንም ጠሩኝ። የተጠየቅሁትን መለስኩ።

ፈርቻለሁ ጋሼ። እዚህ አሥራ አንድ ዓመት ብኖርም እንግዳ ነኝ፣ ሀሚድ ያለ የሌለ ሀብቱን አጥቷል፣ ዘመዶቹ ከመሰላና ከቦኬ ወረዳ መጥተው በሩ ላይ ቆመዋል። «አስተማሪ፣ የሚሸት ዘይት ታመጪ አልነበር?» ብሎ አንዱ ጠየቀኝ። ዘይት ያለ እሳት አይነድም ብዬ መለስኩ። እውነቴን ነው አይደል?

አንድ ነገር ልለምንዎት። ለዘመዶቻችን ስለ ሥዕሉም ስለ ቀለሙም ምንም አይንገሩ። ብሩሽም አያስፈልገኝም።

አብርሆት


ጭሮ፣ ጥቅምት 25 ቀን 2017 ዓ.ም.

ጋሼ፣

የጥቅምት አሥራ አንዱ ደብዳቤዎ ዛሬ ደረሰኝ። ሙሜ ድሬዳዋ ላይ መኪናው ተበላሽቶበት ይህን ሁሉ ቀን ኪሱ ውስጥ ነበር። ቀኑን አየሁ፣ ደግሜ አየሁ። ለቃጠሎው አራት ቀን ሲቀረው ጽፈውታል።

እርግጠኛ ነዎት? የመብራት ገመድ አሮጌ ነበር። አይጥም አለ። ጨርቅ ብቻውን ይነዳል ሲሉ፣ ይችላል ማለትዎ ነው ወይስ ይሆናል? እርስዎ በዓይንዎ አይተው ያውቃሉ?

ሦስቴ ደወልኩልዎ። ሁለቱን አላገኘሁዎትም፣ በሦስተኛው ሲያነሱ ስለ ወገብዎ ጠይቄ ዘጋሁ። ግድግዳው ስስ ነው፣ በዚያኛው ወገን ፋጤ አለች። ደብዳቤውን ፍራሼ ውስጥ ሰፍቼዋለሁ።

አብርሆት


ጅቡቲ፣ ኅዳር 1 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአብርሆት፤ እግዚአብሔር ልብሽን ያረጋጋው።

በዓይኔ አይቻለሁ። አንዴ ብቻ አይደለም። እዚህ ወደብ አጠገብ የአንድ አናጢ ቤት በዚሁ ምክንያት ሄዷል። የአንቺ ጆንያ ሞቆ ነበር፣ ራስሽ ጽፈሽልኛል። የመብራት ገመድ አትፈልጊ፣ አይጥም አትፈልጊ። ጥፋቱ መጀመሪያ የእኔ ነው፤ ጨርቅ ይብዛልሽ ያልኩ እኔ፣ የት እንደሚቀመጥ ያልነገርኩ እኔ። ለማንም ይህን እመሰክራለሁ፣ ስሜን ጥሪ።

ግን አንድ ነገር እንቅልፍ ነሥቶኛል። «የተጠየቅሁትን መለስኩ» ብለሽ ጽፈሽልኛል። ምን ተጠየቅሽ? ምን መለስሽ? በስልክም ወገቤን ጠይቀሽ ዘጋሽ። ልጄ፣ የእኔ ወገብ ይህን ያህል አያስጠይቅም።

ያ ልጅ ባላደረገው ነገር ስንት ቀን ቆሟል? እዚህ ኦቦክ የሚባል የባሕር ዳር ከተማ አለ፤ ከእናንተ አገር ያሉ ልጆች በእግራቸው እየመጡ ወደ የመን የሚሻገሩበት። ጀልባ ልቀባ ስሄድ አያቸዋለሁ። ግማሹን ያመጣው ድህነት ነው፣ ግማሹን እንዲህ ያለ ነገር ነው። ጀልባዎቹን የምቀባ እኔ ስለሆንኩ ስንቱ የበሰበሰ እንደሆነ አውቃለሁ።

ተናገሪ። ብትፈሪም እየፈራሽ ተናገሪ።

ተስፋዓለም


ጭሮ፣ ኅዳር 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለአባቴ ለጋሼ ተስፋዓለም።

ዛሬ ጠዋት ደውዬ «ኦቦክ ይሂዱ፣ ሑዘይፋን ይፈልጉ» ብዬ ዘጋሁ። ምክንያቱ ይኸው። ከዚህ ጋር ሙሜ ሌላ ወረቀትና አንድ የተጠቀለለ ጨርቅ ይሰጥዎታል።

የዚያን ዓርብ ወደ ትምህርት ቤት ልወጣ ስል ሑዘይፋ ልብሱን ለጁምዓ ለውጦ በር ላይ አገኘሁት። «ሑዜ፣ ፍሬሙን ፀሐይ ላይ አውጣልኝ፣ እኔ ረፈደብኝ» አልኩት። እሱም ረፍዶበት ነበር፣ ግን እሺ ብሎ ገባ። እኔ ነኝ የላክሁት። ሥዕሉን አውጥቶ ግድግዳ ላይ አስደግፎ እየሮጠ ሄደ። ሲወጣ ያየችው ጎረቤት ያየችው ያንን ነው።

ሽማግሌዎች ሲጠይቁት «አስተማሪዋ ልካኝ ነው» አለ። ሁሉም ዞሮ አየኝ። ሼህ አብዱናስር፣ የሽማግሌዎቹ መሪ፣ «ልከሽዋል ወይ ልጄ?» አሉኝ። የሀሚድ ዘመዶች ከኋላቸው ቆመዋል። ላክሁት ካልኩ የእኔ ክፍል፣ የእኔ ዘይት፣ የእኔ እሳት ሊባል ነው። «አላስታውስም» አልኩ።

በቃ። አንድ ቃል። ሑዘይፋ መሬቱን አየ። ሥዕሉ ከክፍሉ ውጪ ምን እየሠራ እንደተረፈ ማንም አልጠየቀም፤ የገዛ ፊቱ ከሁላችንም ጀርባ ግድግዳው ላይ ተደግፎ ነበር። ማታውን ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሬ አስቀመጥሁት።

ለዓርብ ኅዳር 6 በቁርዓን እንዲምል ተወሰነ። ከማለ ይለቀቃል። ግን የሀሚድ ወንድሞች «ቢምልም አንለቀውም» ማለታቸው ተሰማ። የእርስዎ ደብዳቤ ረቡዕ ደረሰኝ። አነበብኩት፣ አለቀስኩ፣ ዓርብ ከመማሉ በፊት ተነሥቼ እናገራለሁ ብዬ ወሰንኩ። ለምን ያንኑ ዕለት አልሄድኩም? ሁለት ቀን ልደፋፈር ብዬ። ሐሙስ ሄደ። ለፋጤ «ውሃ ልቀዳ» ብሎ ጀሪካኑን ይዞ ወጣ፣ ጀሪካኑ ቧንቧው ዘንድ ተገኘ።

ዓርብ ሽማግሌዎቹ «ሸሸ፣ እንግዲህ እሱ ነው» ሲሉ ተነሣሁ። ሁሉንም ተናገርኩ፣ የእርስዎንም ደብዳቤ አነበብኩ። ያመነኝ የለም! ለፋጤ አዝና ነው አሉ። ሀሚድ «ጨርቅ ስሸጥ ሃያ ዓመቴ ነው፣ ወላሂ አንድ ጣቃ እንኳ ተነሥቶ ሲነድ አላየሁም» አለ። ሳቁ። ላሳያችሁ አልኩ። ለረቡዕ ቀጠሩኝ።

ቅዳሜ ብቻዬን በባልዲ ሞከርኩ። ለብ አለ እንጂ አልነደደም። ጋሼ፣ እንደዚያ ፈርቼ አላውቅም። ረቡዕም ካልነደደ ልጁ በእኔው እጅ ተፈረደበት ማለት ነው። ደግሞ የሰው ልብ ክፉ ነው፣ እውነቱን ልንገርዎ፤ ባይነድ ይሻላል የሚል ሐሳብም መጥቶብኛል። ከዚያ ምን እንዳጠፋሁ ገባኝ። ጨርቁን አላልቶ መክተት ነበር ጥፋቴ። ማድረቂያም አልጨመርኩም ነበር፤ ብልቃጡ መኝታ ክፍሌ ስለነበር ከእሳቱ ተርፏል፣ ከሥሩም ትንሽ ቀርታ ነበር።

ረቡዕ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት በተቃጠለው ቤት ፊት ተቀመጥን። ሽማግሌዎቹ በጫታቸው፣ የሀሚድ ሰዎች በአንድ ወገን፣ ፋጤ በሌላ ወገን ብቻዋን። ጨርቁን በሁሉም ፊት በተልባ ዘይትና በቀረችው ማድረቂያ ነከርኩ፣ ጨመቅሁ፣ የወተት ዱቄት ቆርቆሮ ውስጥ በጉልበቴ ጠቅጥቄ ክዳኑን ገርበብ አድርጌ ፀሐይ ላይ አኖርሁት። ሼህ አብዱናስር «ክብሪት ያለው ሁሉ ያውጣ» ብለው ክብሪቱን በሙሉ አስሰብስበው ከጉልበታቸው ሥር አደረጉት።

እስከ ስድስት ሰዓት ምንም። ለዙሁር ሶላት ሄደው ተመለሱ፣ ምንም። አንዱ «አስተማሪ፣ ሽሮ ጨምሪበት» አለ። እጄን ከጭኔ ሥር አስገብቼ ተቀመጥሁበት። ስምንት ሰዓት ላይ ሁለት ሽማግሌዎች ተነሥተው ልብሳቸውን አራገፉ። ያኔ ፋጤ ተነሥታ መጣችና መዳፏን ቆርቆሮው ላይ አደረገች። ወዲያው ነጠቀችው። ሀሚድን አየችው፤ እሱም መጥቶ ነካ፣ እሱም ነጠቀ። ማንም ከዚያ በኋላ አልሳቀም። የሚያርር ተልባ ሸተተ፣ ከክዳኑ ሥር ጭስ ወጣ፣ ሼሁ በከዘራቸው ክዳኑን ሲገፉት አየር አገኘና ቦግ አለ!

ሀሚድ ፎጣውን ፊቱ ላይ ጥሎ «ያ አላህ፣ ያ አላህ» አለ። ጩኸቱ፣ ግርግሩ። ፋጤ ግን አልጮኸችም። እኔ ፊት መጥታ ቆመችና «ኢልሚ ኮ ኤሳ?» አለችኝ። ልጄ የት ነው ማለቷ ነው። ሦስት ጊዜ ጠየቀችኝ።

ጓደኞቹ ወደ ኦቦክ ነው ያለን አሉ። ሽማግሌዎቹ ንጹሕ ነው ብለው የጻፉት ወረቀት ይኸው፣ ሀሚድም ፈርሞበታል፣ መፈረም የማይችሉት በእኔው ቀለም አውራ ጣታቸውን አድርገዋል። እርስዎ ልጁን በመልክ ስለማያውቁት ሥዕሉን ከፍሬሙ ነቅዬ ልኬያለሁ። ፋጤ በወረቀቱ ላይ የምትጨምረው ካለ ብላት «ኮቱ፣ ኢልማ ኮ» በይልኝ አለችኝ፤ ና፣ ልጄ።

የእኔን ጉዳይ ሽማግሌዎቹ «የጉዳዩ ባለቤት ሑዘይፋ ሲመጣ» ብለው አሳድረውታል። ይገባኛል። እርስዎ ብቻ ይፍጠኑልኝ። እግርዎን ስሜ እለምንዎታለሁ፣ ጀልባው ሳይነሣ።

አብርሆት


ኦቦክ፣ ኅዳር 19 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአብርሆት፤ ይህን የምታነቢበት ዓይንሽ አይደንግጥ።

ደውዬ ልነግርሽ እችል ነበር። ልጁ አትደውል ስላለኝ ተውኩት፤ ለእናቱ ግን ራሱ ደውሎላታል፣ ለማንም እንዳትነግር አስምሏት። ስለዚህ ፋጤ ባትነግርሽ አትቀየሚያት።

ሦስት ቀን ፈለግሁት። እዚህ በየግራሩ ጥላ ሥር መቶ መቶ ሆነው ነው የሚተኙት፣ ከንፈራቸው ተሰነጣጥቆ። ሥዕልሽን እየዘረጋሁ ዞርኩ። ቀለሙ ሲጠቀለል ጉንጩ ላይ ተላጧል፣ አፍንጫውንም አሳጥረሽዋል፤ ቅንድቡን ግን አልሳትሽም። በቅንድቡ ነው የቦኬ ልጆች የለዩት። «ያውና» አሉኝ። ለማታ ጀልባ ከተመዘገቡት መሐል ተቀምጦ እግሩን በጨርቅ እያሰረ ነበር።

ሲያየኝ ልመታው የተላክሁ መስሎት ተነሣ። የሽማግሌዎቹን ወረቀት አነበብኩለት፣ አላመነኝም። «ሊያስመልሱኝ የጻፉት ነው» አለ። የእናቱን ቃል ነገርኩት፣ አለቀሰ፣ ግን አልተነሣም። ሲጨንቀኝ የአንቺን ደብዳቤ ከኪሴ አወጣሁ። ፈቃድሽን አልጠየቅሁም። «አላስታውስም» ካልሽበት ላይ ስደርስ እጄን ያዘኝ። ደግመህ አንብበው አለ። ደገምኩለት። ሦስተኛም አስነበበኝ። የማታዋን ጀልባ አየኋት፣ ሰማያዊ ናት፤ ሁለት ዓመት ሆኗታል ከቀባኋት፣ ሥሯ በስብሷል። አብዱናስር ቢሉ፣ ሀሚድ ቢል ግድ አልሰጠውም ልጄ፤ የጠበቀው የአንቺን ቃል ነው። ጀልባዋ ስትሞላ ስሙን ጠሩት፣ አልመለሰም። ሁለተኛ ጠሩት። ሌላ ልጅ በቦታው ገባ።

በማግስቱ ማለዳ «ይቅር አልካት ወይ?» ብዬ ጠየቅሁት። ዋሽቼ ላስደስትሽ አልፈልግም። «ለወረቀት ነግራለች፣ ለሽማግሌ ነግራለች። ለእኔ አልነገረችኝም» አለ።

በሙሜ ባዶ መኪና አሳፍሬዋለሁ። ይህን ደብዳቤ ለሙሜ አልሰጠሁትም፣ ለእሱ ለራሱ ሰጠሁት። በእጄ እሰጣታለሁ፣ እስክትጨርስም እጠብቃታለሁ ብሎኛል።

ስለዚህ ጨርሰሻል። እጠፊውና ቀና በይ፣ ፊትሽ ቆሟል።

ተስፋዓለም